የደም ፊልም ዲጂታል ምስል ለኮምፒዩተር ትንተና፦ የወባ ምርመራ እንደ ምሳሌ

መግቢያ

የፈረንሳይ ጦር ሐኪም የነበረው አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በወባ ታማሚ ደም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያኑን ካየበት ጊዜ አንሥቶ የወባ የማይክሮስኮፕ ምርመራ በአንድ ሰው ዓይንና ትዕግሥት ላይ ተመሥርቶ ኖሯል። ጉስታቭ ጊምሳ እ.ኤ.አ. በ1904 በስሙ የሚጠራውን ማቅለሚያ ካሳወቀ በኋላም አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። ደም በስላይድ ላይ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ይቀለማል፤ በዘይት ሌንስ ሥር መስክ በመስክ ይታያል፤ ይቆጠራል።

ይህ ነባር ዘዴ ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም። ፈጣን የመመርመሪያ ኪቶች በጤና ኬላዎች ትልቅ አገልግሎት ቢሰጡም፣ ብዙዎቹ ኪቶች የሚፈልጉትን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የማያመርቱ የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ተሕዋስያን በኤርትራና በኢትዮጵያ መገኘታቸው በጥናት ታይቷል። ስለዚህም ማይክሮስኮፕ የምንሰናበተው ሳይሆን ይበልጥ የምንፈልገው መሣሪያ ሆኗል። ችግሩ ዓይን መድከሙ ነው። ከክረምቱ መውጣት ጋር የወባ ወቅት ሲገባ የስላይዱ ክምር ይበዛል፤ የመርማሪው ቁጥር ግን ያው ነው። በዚህ ምክንያት ስላይዱን በካሜራ አንሥቶ ቆጠራውን ለኮምፒዩተር የመስጠት ሐሳብ ብዙዎችን ይማርካል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከተማረኩት አንዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጋር ሆነን የተቀለሙ ስላይዶችን በስልክ ካሜራ በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ በኩል አነሣን። ምስሎቹ እጅግ ያምሩ ነበር፤ ለማስተማሪያም በቅተዋል። ሕዋስ ለሚቆጥር ፕሮግራም ስንሰጣቸው ግን ከአንድ መስክ በተከታታይ የተነሡ ሁለት ምስሎች የተለያየ የቀይ ደም ሕዋስ ቁጥር ሰጡ። በስላይዱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው ስልኩ በራሱ ፈቃድ ያስተካከለው ብርሃን ነበር። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የእኛ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ የተገኘውን ትምህርት በሥርዓት ማስረዳት ነው። ለዓይን የሚያምር ምስልና ለኮምፒዩተር ትንተና የሚበቃ ምስል አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሥዕል ሳይሆን ልኬት ነው፤ እንደ ልኬትም ሊዘጋጅ ይገባዋል።

የዓይንና የኮምፒዩተር አተያይ

ልምድ ያለው መርማሪ ማይክሮስኮፕ ሲመለከት እጁ ከትኩረት ማስተካከያው አይለይም። ጥቂት ወደ ላይ፣ ጥቂት ወደ ታች ያደርገዋል፤ የሚያብለጨልጨውን ቅንጣት አይቶ «ይህ የቀለም ዝቃጭ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መብራቱ ቢጫ ቢሆን አእምሮው ያርመዋል። ማቅለሚያው ወደ ሰማያዊ ያደላ ቢሆን በዙሪያው ካሉት ሕዋሳት ጋር እያነጻጸረ ይፈርዳል። ዓይን ብዙ ስሕተታችንን ይቅር ይላል።

ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ አያገኝም። ለእርሱ አንድ ምስል የቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል፤ በተለመደው ባለ 8 ቢት ምስል እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ባለው መካከል ነው። የተሕዋሲው ኒውክሊየስ፣ የደም ፕላትሌትና የቀለም ዝቃጭ ሁሉም ወደ ቁጥርነት ይለወጣሉ። በመብራቱ ምክንያት ቁጥሩ ከተለወጠ ኮምፒዩተሩ ደሙ እንደተለወጠ ይቆጥረዋል።

ነገሩ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የደም ግፊት ስንለካ የክንድ መጠቅለያው ልክ ካልሆነ ቁጥሩ ምንም ያህል ጥርት ብሎ ቢነበብ ሊያሳስተን እንደሚችል እናውቃለን። በምስል ትንተናም እንደዚሁ ነው።

ስላይዱ፦ የመጀመሪያው ምስል

የምስል ጥራት የሚጀምረው ከካሜራው ሳይሆን ከስላይዱ ነው። በማቅለም ጊዜ የተበላሸውን የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም።

ቀጭን ፊልም ላይ የሚፈለገው ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሳይደራረቡ በአንድ ረድፍ የተዘረጉበት ክፍል ነው። ተደራርበው የተኙ ሁለት ሕዋሳትን ዓይን በቀላሉ ይለያል፤ ፕሮግራም ግን እንደ አንድ ትልቅ ሕዋስ ሊቆጥራቸው ይችላል። በሜታኖል የሚደርቀው ቀጭኑ ፊልም ብቻ ነው። ሜታኖሉ ወደ ወፍራሙ ፊልም ከፈሰሰ ቀይ ሕዋሳቱ በማቅለም ጊዜ ስለማይፈነዱ ምስሉ ይጨልማል፤ ተሕዋሲውም ይሸፈናል።

የጊምሳ ማቅለሚያ የሚበጠበጥበት ባፈር ፒኤች 7.2 እንዲሆን የሚመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባፈሩ ወደ አሲድነት ሲያደላ ፊልሙ ሮዝ ይሆናል፤ ወደ አልካላይነት ሲያደላ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ቫይቫክስን ለመለየት የሚረዱት የሹፍነር ነጠብጣቦችም በትክክለኛው ፒኤች ካልተቀለሙ ላይታዩ ይችላሉ። ዋናው ማቅለሚያ ካልተጣራ፣ የተበጠበጠውም ከቆየ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ዝቃጩም ለኮምፒዩተር ተሕዋሲ ይመስላል። ሰኞ የተቀለመው ስላይድ ሐምራዊ፣ ሐሙስ የተቀለመው ሮዝ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያወዳድረው የሁለት ታካሚዎችን ደም ሳይሆን የሁለት ቀናትን ባፈር ነው።

ሌንስና ፒክስል

ብዙዎቻችን ማይክሮስኮፕን የምንመዝነው በማጉላት አቅሙ ነው። ጥቃቅን ነገሮችን ለይቶ የማሳየት አቅሙን የሚወስነው ግን ከማጉያው ቁጥር ጎን በሌንሱ ላይ የተጻፈው ሌላ ቁጥር፣ ማለትም ኒውመሪካል አፐርቸር ነው። ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳስረዳው፣ ሌንሱ ለይቶ ሊያሳየው የሚችለው ትንሹ ርቀት በግምት የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ለኒውመሪካል አፐርቸሩ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃንና 1.25 ለሆነ ባለ 100 የዘይት ሌንስ ውጤቱ 220 ናኖሜትር ይሆናል። 0.65 ለሆነ ባለ 40 ደረቅ ሌንስ ግን ወደ 423 ናኖሜትር ይደርሳል። የፋልሲፓረም ለጋ ቀለበት ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ፣ ኒውክሊየሱም ከዚያ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በደካማ ሌንስ ያልተያዘ ዝርዝር ምስሉን በኮምፒዩተር በማሳደግ አይገኝም።

ሌንሱ ያሳየውን ካሜራው ሳያጎድል እንዲመዘግበው፣ አንድ ፒክስል በስላይዱ ላይ የሚሸፍነው ርቀት ከሌንሱ የመለየት አቅም ግማሽ መብለጥ የለበትም። በምሳሌያችን ይህ 110 ናኖሜትር ነው። የቀለም ካሜራዎች በአብዛኛው በእያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ለክተው ሌሎቹን ሁለቱን ከጎረቤት ፒክስሎች ስለሚገምቱ ከዚህ ወሰን ዝቅ ማለት ይመረጣል።

አንድ ስሌት እንመልከት። 2,448 በ2,048 ፒክስል ያለውና የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 3.45 ማይክሮሜትር የሆነ ካሜራ በባለ 100 ሌንስ ላይ በቀጥታ ቢገጠም፣ አንድ ፒክስል በስላይዱ ላይ 34.5 ናኖሜትር ይሸፍናል። ይህ ከበቂ በላይ ነው። ይሁን እንጂ ካሜራው የሚያየው መስክ 84 በ71 ማይክሮሜትር ብቻ ይሆናል። የመስክ ቁጥሩ 18 የሆነ የዓይን ሌንስ ግን 180 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ክብ መስክ ያሳያል። በስፋት ሲነጻጸር የካሜራው መስክ ከዓይኑ ሩብ እንኳ አይሞላም። «100 መስክ አይቻለሁ» የሚል ካሜራ በእውነቱ ያየው ዓይን በ23 መስኮች የሚያየውን ያህል ብቻ ነው። በመካከሉ ምስሉን በግማሽ የሚያሳንስ አገናኝ ሌንስ ቢገባ ፒክስሉ 69 ናኖሜትር፣ መስኩም ዓይን ከሚያየው ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። ካሜራ የሚገዛ ተቋም ስለ ፒክስል ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ እነዚህ ሁለት ቁጥሮችም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ብርሃንና ትኩረት

ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል መብራት አለበት። ለዚህ መሠረቱ አውጉስት ኮለር እ.ኤ.አ. በ1893 ያስተዋወቀው የመብራት አስተካከል ሲሆን፣ ኮንደንሰሩን መሐል ላይ ማዋልና ከፍታውን ማስተካከልን ይጠይቃል። ይህ ተደርጎም የምስሉ ጠርዝ ጥቂት መጨለሙ አይቀርም፤ በሌንስ ላይ ያለ አቧራም በሁሉም ምስሎች ላይ በአንድ ቦታ ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደም ከሌለበት የስላይዱ ክፍል አንድ ባዶ ምስል ይነሣል፤ የታካሚው ምስል ፒክስል በፒክስል ለባዶው ይካፈላል። የመብራቱ አለመመጣጠን በዚህ ይወገዳል።

ካሜራው በራሱ ብርሃንን፣ ቀለምንና ጥራትን የሚያስተካክልባቸው አውቶማቲክ አገልግሎቶች በሙሉ ሊዘጉ ይገባል። ስልኮች ለሠርግና ለልደት ፎቶግራፍ እንዲያሳምሩ የተሠሩ ናቸው፤ ጠርዝ ያሰላሉ፣ ጥላ ያበራሉ፣ ቀለም ያደምቃሉ። ለልኬት ሥራ ይህ ሁሉ ጣልቃ ገብነት ነው። በስልክ መጠቀም የግድ ከሆነም የብርሃን መቀበያ ጊዜውንና የቀለም ሚዛኑን በእጅ ለመቆለፍ የሚያስችል መተግበሪያ ያስፈልጋል።

ትኩረትን በተመለከተ፣ በባለ 100 የዘይት ሌንስ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ወፍራም ፊልም ግን ከዚህ ይወፍራል። መርማሪው በእጁ የሚያደርገውን ካሜራው እንዲተካ ከተፈለገ በአንድ መስክ ላይ በተለያየ ከፍታ ብዙ ምስሎችን ማንሣት ያስፈልጋል። አንድ ምስል ብቻ ከተነሣ ከትኩረቱ በላይና በታች ያለው ተሕዋሲ ሊደበዝዝና ሊታለፍ ይችላል።

ምስሉን ማስቀመጥ

በጣም የተለመደው ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ክፍሎች እየከፈለ ዓይን እምብዛም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል፤ በተለይም የቀለም መረጃን ይቀንሳል። በጊምሳ የተቀለመ ተሕዋሲ ቀይ ኒውክሊየስና ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም የሚለየው ግን በቀለም ነው። ስለዚህ ለትንተና የሚሆን ዋና ቅጂ መረጃ በማይጥሉት በቲፍ ወይም በፒኤንጂ ዓይነቶች ሊቀመጥ ይገባል።

ይህ ዋጋ አለው። ከላይ በጠቀስነው ካሜራ የተነሣ አንድ ያልታመቀ ምስል 15 ሜጋባይት ያህል ነው፤ የአንድ ታካሚ 100 መስክ 1.5 ጊጋባይት ይሞላል። በመሆኑም የማስቀመጫ ቦታ ከካሜራው ጋር አብሮ ሊታቀድ ይገባል። ከእያንዳንዱ ምስል ጋር የሌንሱ ዓይነት፣ የፒክስሉ ስፋት፣ የማቅለሚያው ዓይነትና ቀኑ ይመዝገብ። የታካሚው ስም ግን በፋይሉ ስምም ሆነ በሚነሣው የስላይድ ምልክት ላይ መታየት የለበትም፤ መለያ ቁጥር ይበቃል።

ፕሮግራሙ ምን ይሠራል?

ቀደምት ዘዴዎች በደንብ የተነገሩ ደንቦችን ይከተላሉ። ለምሳሌ ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ስልት ጨለማውን ከብርሃኑ የሚለየውን ወሰን ከምስሉ ቁጥሮች ያሰላል። እንደ ኢሜጅጄ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይህን በቀላሉ ያከናውናሉ። የዛሬዎቹ ኒውራል ኔትወርክ የሚባሉት ደግሞ ደንብ አይነገራቸውም፤ በባለሙያ ምልክት ከተደረገባቸው ብዙ ምስሎች ይማራሉ። ስለዚህ የሚያውቁት ያሳየናቸውን ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ተመራማሪዎች ለሕዝብ ያቀረቡት የምስል ስብስብ ነው። በባንግላዴሽ በቺታጎንግ ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል ከ150 የፋልሲፓረም ታማሚዎችና ከ50 ጤነኞች ቀጭን ፊልም፣ ማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ስልክ ከተነሡ ምስሎች የተገኙ 27,558 የነጠላ ሕዋስ ምስሎችን ይዟል፤ ግማሾቹ ተሕዋሲ ያለባቸው ናቸው። ስብስቡ ለምርምር ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። እኛ ግን ሦስት ነገሮችን ልናስተውል ይገባል።

አንደኛ፣ ታማሚዎቹ የፋልሲፓረም ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። በዚህ ስብስብ ብቻ የተማረ ፕሮግራም ቫይቫክስን አይቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ የአንድ ታካሚ ሕዋሳት አንድ ስላይድና አንድ ቀለም ስለሚጋሩ፣ ከፊሎቹ ለማስተማሪያ ከፊሎቹ ለፈተና ከዋሉ ፕሮግራሙ የሸመደደውን ይመልሳል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ይበልጣል። ክፍፍሉ በሕዋስ ሳይሆን በታካሚ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ በእውነተኛ ደም ውስጥ ተሕዋሲው ግማሽ በግማሽ አይገኝም። በአንድ ማይክሮሊትር 5 ሚሊዮን ቀይ ሕዋሳትና 50 ተሕዋስያን ቢኖሩ፣ የተያዘው ከ100,000 ሕዋሳት አንዱ ነው። ከ1,000 ጤነኛ ሕዋሳት በአንዱ ብቻ የሚሳሳት ፕሮግራም ለአንዱ እውነተኛ ተሕዋሲ 100 ሐሰተኛ ያቀርባል። በወረቀት ላይ እጅግ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር በአልጋው አጠገብ ዋጋ የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው።

የቆጠራው ሒሳብ

በወፍራም ፊልም ተሕዋስያንን ከነጭ ደም ሕዋሳት ጋር ስንቆጥር በአንድ ማይክሮሊትር 8,000 ነጭ ሕዋሳት እንዳሉ እንወስዳለን። 200 ነጭ ሕዋሳት ስንቆጥር ታዲያ ያየነው ደም የማይክሮሊትር አንድ አርባኛ ብቻ ነው። ታካሚው በማይክሮሊትር 50 ተሕዋስያን ካሉት በዚያ ውስጥ በአማካይ የምናገኘው 1.25 ነው፤ ምንም ያለማግኘት ዕድላችን 29 ከመቶ ያህል ይሆናል። እስከ 500 ነጭ ሕዋሳት ብንቀጥል ይህ ዕድል ወደ 4 ከመቶ ይወርዳል። ጥቂት መስኮችን ብቻ የሚያነሣ ካሜራ፣ ፕሮግራሙ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ በመስኩ ውስጥ የሌለውን ተሕዋሲ ሊያገኝ አይችልም።

በሌላ በኩል ፕሮግራሙ በየ200 ነጭ ሕዋሳቱ አንድ የቀለም ዝቃጭ ተሕዋሲ ነው ቢል፣ ለጤነኛው ሰው ሁሉ በማይክሮሊትር 40 ተሕዋስያን ይጽፍለታል። ትኩሳቱ ከሳንባ ምች ወይም ከማጅራት ገትር የመጣ ሕፃን «ወባ ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። የባፈሩ ፒኤችና የማቅለሚያው ጥራት የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. ስላይድ የማዘጋጀትና የማቅለም ሥርዓቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ተሕዋሲ እንዳለበት በሚታወቅና እንደሌለበት በሚታወቅ ስላይድ ይፈተሽ።
2. በየቀኑ መጀመሪያ ባዶ ምስል ይነሣ፤ መብራቱ፣ የብርሃን መቀበያ ጊዜውና የቀለም ሚዛኑ ተቆልፈው ይቆዩ።
3. የፒክስሉ ስፋት በማይክሮሜትር መለኪያ ስላይድ ይረጋገጥ እንጂ በግምት አይወሰድ።
4. የሚነሡት መስኮች ቁጥር በምስል ብዛት ሳይሆን በተቆጠሩ ነጭ ሕዋሳት ይወሰን።
5. መስኮቹ በሥርዓት ይነሡ፤ «የሚያምረውን» መስክ መርጦ ማንሣት ውጤቱን ያዛባል።
6. ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማስተካከያ የሚደረገው በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን።
7. ማንኛውም ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በራሳችን ስላይዶች፣ ልምድ ካለው መርማሪ ጋር አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያይ ይነጻጸር።

ማጠቃለያ

ኮምፒዩተር አይደክምም፤ የሺኛውን መስክ እንደ መጀመሪያው ያየዋል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም በሰጠነው ምስል ውስጥ የሌለውን አያይም፤ በምስሉ ውስጥ ያስገባነውንም ስሕተት ሳይሰለች ይደግመዋል። ስለዚህ የዲጂታል ምርመራ ቁልፍ በፕሮግራም ጸሐፊው እጅ ብቻ አይደለም። ደሙን በሚቀባው፣ ባፈሩን በሚለካው፣ መብራቱን በሚያስተካክለው ባለሙያ እጅም ነው። ካሜራውና ኮምፒዩተሩ ገና ያልደረሱባቸው ላቦራቶሪዎች እንኳ ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ የመጀመሪያውን ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። ለኮምፒዩተር የሚበቃ ስላይድ ለደከመ ዓይንም ይበቃልና፣ ተጠቃሚው ዞሮ ዞሮ ውጤቱን በር ላይ የሚጠብቀው ታካሚ ነው።